ከኖራው ድስት እስከ ፑፑሳው ምጣድ፦ የመካከለኛው አሜሪካ የበቆሎ ሊጥ

[ምስል፦ ኢናሜል ድስት ውስጥ ነጭ በቆሎ። አንድ እጅ ወተት የመሰለ ውሃ ያፈስበታል።]

ተራኪ፦ 1 ኪሎ ደረቅ ነጭ በቆሎ፣ 3 ሊትር ውሃ፣ 10 ግራም ኖራ። የጓቲማላ፣ የኤል ሳልቫዶርና የሆንዱራስ ማጀት ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ድስት ነው።

ፑፑሳ፣ ማለትም መሐሉ በቦሎቄ ወይም በአይብ ተሞልቶ ምጣድ ላይ የሚጋገር የበቆሎ ቂጣ፣ ልሥራ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለሚሞላው ነገር ነው፤ አይቡ የቱ ነው? ቦሎቄው እንዴት ነው የሚጠበሰው? እሱም ይመጣል። ነገር ግን ፑፑሳ እጅ ላይ ሲሰነጠቅ፣ ሲቀደድ ወይም ምጣድ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሊጡ ነው። ሊጡ ደግሞ የሚበላሸው ገና ሳይፈጭ፣ ማታ ድስት ውስጥ ሳለ ነው። ስለዚህ በድስቱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንቆያለን።

[ምስል፦ ተራ የበቆሎ ዱቄት ሊጥ ሲጠፈጠፍ ጠርዙ ይሰነጠቃል።]

በቆሎ እንደ ስንዴ ግሉተን፣ ማለትም ሊጥ የሚያያይዝ ነገር፣ የለውም። ተራ የበቆሎ ዱቄት በሙቅ ውሃ ለውሳችሁ ብትጠፈጥፉት ቂጣ ይወጣዋል፤ መሐሉ ተሞልቶ የሚታጠፍ ስስ ሊጥ ግን አይሆንም። ኖራው የሚለውጠው ይህንን ነው። ትኩስ የኖራ ውሃ የፍሬውን ቅርፊት ያላላዋል፤ ከቅርፊቱ ከፊሉ ሟሙቶ ሙጫ ይሆናል፣ ውስጡ ያለው ስታርችም ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ሲፈጩ ሁለቱ ይያያዛሉ፣ የኖራው ካልሲየም ደግሞ ያጠነክራቸዋል። እኛ አገር ሙቀጫ ውስጥ በመፈተግ የሚለቀቀውን ቅርፊት፣ እዚያ ኖራው ሲያላቅቀው ያድራል።

ሌላም የሚሠራው ሥራ አለ፣ እሱ ዓይን አያየውም። በበቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን ወይም ቫይታሚን ቢ3 አብዛኛው ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ ሰውነት አያገኘውም፤ ኖራው ይፈታዋል። በቆሎ ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ሲገባ ኖራው አብሮት አልተሻገረም። በቆሎ ብቻ እየበላ የሚኖረው ድሃ ገበሬ ቆዳ የሚልጥ፣ ሆድ የሚያስቀምጥ፣ ሲብስም አእምሮ የሚያውክ በሽታ ያዘው። ስፔናዊው ሐኪም ጋስፓር ካሳል በአስቱሪያስ ገበሬዎች ላይ አይቶ በእ.ኤ.አ. 1735 ጻፈው። ፔላግራ የሚባለው ነው። ናያሲን ፈዋሹ መሆኑ የታወቀው በእ.ኤ.አ. 1937 ከአሜሪካዊው ባዮኬሚስት ከኮንራድ ኤልቬየም ሥራ በኋላ ነው። የኖራው ጥበብ ግን ጥንታዊ ነው፤ በደቡብ ጓቲማላ የፓሲፊክ ዳርቻ የተገኙት ቀደምት ማስረጃዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት 1500 እስከ 1200 ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ወደ ኢትዮጵያም በቆሎ የመጣው ያለ ኖራ ነው።

[ምስል፦ ኖራ በቀዝቃዛ ውሃ ሲሟሟ።]

አሁን ሥራው። የሚፈለገው ኖራ የጠፋ ኖራ ነው፤ ማለትም ውሃ ቀድሞ የጠጣ፣ ለምግብ የተዘጋጀ ነጭ ዱቄት፣ በስፓኒሽ «ካል»። የግንባታ ኖራ ለምግብ አይሆንም። ያልጠፋ ድንጋይ ኖራ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይፍለቀለቃል፣ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። የጠፋውም ቢሆን ክዳኑ ተከፍቶ ለወራት ከተቀመጠ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ኃይሉን ያጣል፤ በቆሎው «ኖራ አልያዘም» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። 10 ግራም በግምት አንድ የተቆለለ የሾርባ ማንኪያ ነው፤ ሚዛን ካላችሁ ግን መዝኑት።

በቆሎው ደረቅ የእርሻ በቆሎ ይሁን። እሸትም ፈንዲሻም አይሆኑም። ድስቱ ኢናሜል፣ የማይዝግ ብረት ወይም ሸክላ ይሁን እንጂ አሉሚኒየም አይሁን፤ የኖራ ውሃ አሉሚኒየምን ይበላዋል።

ኖራውን በቀዝቃዛው ውሃ አሟሙ፣ በቆሎውን ጨምሩ፣ አማስሉ። ፍሬው ወዲያው ቢጫ ይላል፤ ይህ ኖራው መሥራቱን ያሳያል። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን እብቅና ነቀዝ የበላውን ፍሬ ግፈፉት። ሊፈላ ሲል እሳቱን ቀንሱና ሳይንተከተክ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይቆይ። ከ25 ደቂቃ ጀምሮ መፈተን ያስፈልጋል፦ አንድ ፍሬ አውጥታችሁ በውሃ አቀዝቅዙና በጣት እሹት። ቅርፊቱ ተንሸራቶ ከወጣ፣ ፍሬው በጥፍር ተቆርጦ መሐሉ ላይ ትንሽ ነጭ ጥሬ ነጥብ ከታየ በቃው። ነጥቡ እስኪጠፋ ድረስ ከቀቀላችሁት ንፍሮ ሆነ፤ ሲፈጭ የሚወጣው የሚዝለገለግ፣ እጅ ላይ የሚለጠፍ ሊጥ ነው፣ መመለሻም የለውም። አልፎ ከመብሰል ትንሽ ማነስ ይሻላል፣ ቀሪውን ሌሊቱ ያበስለዋል።

እሳቱን አጥፍታችሁ ክደኑት፤ በዚያው ውሃ ለ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ተዘፍዝፎ ይደር።

[ምስል፦ ጠዋት። ቢጫ ውሃ ሲደፋ፣ በቆሎው በእጅ ሲታሽ።]

ጠዋት ውሃው ቢጫ ሆኖ ያሟልጫል። ይደፋል። በቆሎው በንጹሕ ውሃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በእጅ እየታሸ ይታጠባል። እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ጥፋቶች አሉ። ሳይታጠብ ከቀረ ሊጡ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ይመራል። ቅርፊቱ አንድም ሳይቀር እስኪጠፋ ከታጠበ ደግሞ ሙጫው አብሮ ይሄድና ሊጡ መያያዝ ያቅተዋል። ከቅርፊቱ ትንሽ ሲቀር መተው ነው።

ቀድሞ የሚፈጨው በድንጋይ ወፍጮ ነበር፤ ወፍጮውም መጁም ለኢትዮጵያዊ ዓይን እንግዳ አይደሉም። ዛሬ በየሰፈሩ «ሞሊኖ» የሚባል ወፍጮ ቤት አለ፤ ሴቶች ገና ማለዳ በቆሎውን በሳፋ ይዘው ይሄዳሉ፣ እርጥቡ በቆሎ ተፈጭቶ ሊጥ ሆኖ ይመለሳል። ቤት ውስጥ በእጅ የሚዞር ወፍጮ ሁለት ጊዜ ካሳለፈው ይበቃል። የጁስ መፍጫ ግን አይመከርም፤ ካለ ብዙ ውሃ አይዞርም፣ ውሃ ሲበዛ ደግሞ የሚወጣው አጥሚት ነው። ከ1 ኪሎ በቆሎ 2 ኪሎ ገደማ ሊጥ ይገኛል። በሞቃት አገር ከሰዓት በኋላ መኮምጠጥ ስለሚጀምር የዕለቱ በዕለቱ ያልቃል።

ጊዜ ለሌለው ሰው በኖራ ተቀቅሎ የደረቀ ዱቄት በላቲን አሜሪካውያን ሱቆች ይሸጣል። ማሸጊያው ላይ በቆሎና ኖራ የሚሉት ሁለቱም መጻፋቸውን እዩ፤ ኖራ ከሌለው ተራ ዱቄት ነው። ለ2 ኩባያ ዱቄት 1 ከ3/4 ኩባያ ገደማ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ፣ ለውሱት፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ 15 ደቂቃ አሳርፉት። የማረፊያውን ጊዜ መዝለል አይገባም፤ ዱቄቱ ውሃውን ጠጥቶ የሚጨርሰው ያኔ ነው።

[ምስል፦ የሸክላ ምጣድ በሦስት ድንጋይ ላይ። ቶርቲያ ሲነፋ።]

ከዚህ ሊጥ መጀመሪያ የሚወጣው ቶርቲያ የሚባለው ስስ የበቆሎ ቂጣ ነው። ምጣዱ «ኮማል» ይባላል፤ ሸክላ ከሆነ የኖራ ውሃ ይቀባል፣ ሊጡ እንዳይዝበት። 40 ግራም ያህል ሊጥ በሁለት መዳፍ መካከል እየተጨበጨበ ይጠፈጠፋል። የመጀመሪያው ገጽ ጠርዙ እስኪደርቅ ብቻ፣ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም፤ ተገልብጦ አንድ ደቂቃ፤ እንደገና ሲገለበጥ ይነፋል። ካልነፋ ሊጡ ደርቋል፣ ምጣዱ ቀዝቅዟል፣ ወይም የመጀመሪያው ገጽ ብዙ ቆይቷል። ከምጣዱ የወጣው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል።

በጓቲማላ ከተሞች ቶርቲያ የሚሸጡ ትንንሽ ቤቶች በራቸው ላይ «ትሬስ ቲየምፖስ» ብለው ይጽፋሉ፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ትኩስ አለ ማለት ነው። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከአንዳንድ ቤት ደጃፍ ቀይ አምፖል ይበራል፤ እዚያ ቤት ታማል፣ ማለትም በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ የበቆሎ ሊጥ፣ ይሸጣል።

በገጠር እሳቱ ዛሬም በብዙ ቤት በሦስት ጉልቻ መካከል ይነድዳል፤ ጭሱም በቤት ውስጥ ይቀራል። በእ.ኤ.አ. 1976 ጓቲማላ በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈራረሰች በኋላ ከጭቃና ከአሸዋ የሚሠራ፣ ጭስ ማውጫ ያለው «ሎሬና» የተባለ ምድጃ መስፋፋት የጀመረው እዚያ ነው። ቀኑን ግማሹን ምጣድ ፊት ለሚውል ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

[ምስል፦ ፑፑሳ። የሊጥ ድቡልቡል፣ የተቀላቀለ ቦሎቄና አይብ።]

ወደ ኤል ሳልቫዶር። ፑፑሳን የአገሪቱ ምክር ቤት በእ.ኤ.አ. 2005 ብሔራዊ ምግብ አድርጎ አውጇል፤ ቀኑም የፈረንጆቹ ኖቬምበር ሁለተኛ እሑድ ነው። የኦሎኩይልታ ከተማ ደግሞ ከሩዝ ዱቄት በሚሠራው ትታወቃለች።

የፑፑሳ ሊጥ ከቶርቲያው ይረጥባል። ድቡልቡሉን በመዳፍ ተጫኑት፤ ጠርዙ ከተሰነጠቀ ውሃ በማንኪያ እየጨመራችሁ እሹ፣ ከእጅ አልላቀቅ ካለ ትንሽ ዱቄት።

የሚሞላው ነገር ደረቅና ልስልስ መሆን አለበት። 500 ግራም ቀይ ቦሎቄ በነጭ ሽንኩርትና በሽንኩርት ተቀቅሎ ይፈጫል፤ ከዚያ በዘይት እየተማሰለ ከመጥበሻው በአንድ ላይ እስኪላቀቅ ድረስ ይጠበሳል። ማንኪያው ያለፈበት መሥመር ተመልሶ ከሞላ ገና ነው፤ እርጥብ ቦሎቄ ሊጡን ከውስጥ አርሶ ይቀደዋል። አይቡ «ኬሲዮ» የሚባለው የሚለጠጥ ለስላሳ አይብ ነው፤ ካልተገኘ የተፈቀፈቀ ሞዛሬላ ይተካዋል። የእኛ አይብ ግን አይቀልጥም፣ ውሃም ይተፋል። «ሬቡዌልታ» የሚባለው ከቦሎቄና ከአይብ ጋር የተፈጨ የአሳማ ሥጋ የተቀላቀለበት ነው። «ሎሮኮ» የሚባል የአበባ እምቡጥ ከአይብ ጋር የሚሞላበትም አለ፤ ሽታው ጠንካራ ነው፣ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እጃችሁን ዘይት ጠብ ባለበት ውሃ አርጥቡ። 85 ግራም ሊጥ አድበልብሉ፣ በአውራ ጣት መሐሉን እየገፋችሁ ሲኒ አስመስሉት፤ ግድግዳው ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሁን። 35 ግራም ሙሉበት፣ አፉን ሰብስባችሁ ዝጉ፣ የተረፈውን የሊጥ ጫፍ ቆንጥራችሁ አውጡ። ጫፉ ካልወጣ አንዱ ወገን ወፍሮ ጥሬ ይቀራል። ከዚያ በመዳፍ እያዞራችሁ ጠፍጥፉ፤ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር።

ምጣዱ መካከለኛ እሳት ላይ በደንብ ይሙቅ፤ በእያንዳንዱ ወገን ከ3 እስከ 4 ደቂቃ። ሲነካ በቀላሉ ካልተነሣ አትፈልቅቁት፣ አልደረሰም። አይብ ወጥቶ ምጣዱ ላይ ቢጠበስ አትዘኑ፤ ያ የተጠበሰ ጠርዝ የሚሻሙበት ነው።

[ምስል፦ ጥቅል ጎመን ሲከተፍ፣ ፈላ ውሃ ሲፈስበት።]

ፑፑሳ ያለ «ኩርቲዶ» አይቀርብም። 1 ኪሎ ጥቅል ጎመን በስሱ ይከተፍ፣ ፈላ ውሃ ይፍሰስበት፣ ከ1 ደቂቃ በኋላ ይጠንፈፍ። 2 የተፈቀፈቀ ካሮት፣ 1 በስሱ የተከተፈ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ ኦሬጋኖ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ ኩባያ ኮምጣጤ ከግማሽ ኩባያ ውሃ ጋር። ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት ይቀመጥ፤ ቢያድር ይሻላል። ጎመኑ ከ1 ደቂቃ በላይ ከቆየ ይልፈሰፈሳል፣ ሲታኘክም ቀርጨጭ አይልም። አብሮ የሚቀርበው ስጎ ተቀቅሎ የተፈጨ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና የማያቃጥል ቃሪያ ነው፤ ቀጭን ነው፣ አያቃጥልም።

የሚበላው በእጅ ነው፤ እየተቆረሰ፣ ኩርቲዶውን እያነሡበት።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ጭምር፣ የሳልቫዶርና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ጎረቤታሞች ናቸው። በጾም ወቅት የቦሎቄ ብቻ የሆነውን ማዘዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ቦሎቄው በዘይት ወይስ በአሳማ ስብ መጠበሱን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ በብዙ ቤት በስብ ነውና። ተርፎ ካደረ በደረቅ ምጣድ በቀስታ እሳት አሙቁት፤ ማይክሮዌቭ ሊጡን ያጠነክረዋል።