የሮቦቱ ቁርጭምጭሚት
በደብረ ብርሃን ለቴክኒክ ተማሪዎችና አሠልጣኞች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች፣ ከመንዝም ከተጉለትም ከይፋትም የመጣችሁ ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ሰው የሚመስል ሮቦት እንሥራ የሚል ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ ይጀምራል። ዓይኑን ያበራል፣ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ» ያሰኘዋል። እግሩ ለመጨረሻ ይቀራል። ያን ጊዜ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ጭንቅላትና ደረት ተሠርቶ አልቋል፤ የሚሸከመው ሞተር ግን የለም። እኛ ዛሬ ከቁርጭምጭሚት ተነሥተን ወደ ላይ እንወጣለን።

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1986 ሥራውን ሲጀምር የሠራው «ኢ0» የተባለ ሮቦት ጭንቅላትም እጅም አልነበረውም፤ እግር ብቻ ነበር። በአንዱና በሚቀጥለው እርምጃ መካከል 5 ሰከንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። ቁመቱ 182 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 210 ኪሎ የሆነው «ፒ2» ለሕዝብ የታየው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1996 ነው። ያ ሁሉ ገንዘብና መሐንዲስ ያለው ፋብሪካ ከእግር ከጀመረ፣ እኛ ከፊት የምንጀምርበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ሚዛን። ውሃ በጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ወደ ፊት ጎንበስ ትላለች። ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚጎትታት፣ የእሷና የጀሪካኑ የጋራ የክብደት ማዕከል ከእግሯ በላይ እንዲሆን ማድረጓ ነው። ሮቦት በጣም በዝግታ ሲሄድ የሚጠየቀው ይኸው ብቻ ነው፦ ከክብደቱ ማዕከል ቱንቢ ቢወረድ በቆመበት እግር መርገጫ ውስጥ ማረፍ አለበት። ፍጥነት ሲጨመር ግን ቱንቢው አይበቃም። የሰውነቱ መፍጠንና መቆም ራሱ ይገፋል። ለዚህ መለኪያ ያበጀው የቤልግሬዱ ሚዮሚር ቩኮብራቶቪች ነው፤ የሚከታተለውም መሬቱ እግሩን ወደ ላይ የሚገፋበትን የኃይል ማዕከል ነጥብ ነው። ነጥቡ ከመርገጫው ውስጥ እስካለ ድረስ እግሩ እንደ ተነጠፈ ይቆያል፤ ጠርዙ ላይ ከደረሰ መርገጫው በጠርዙ ዞሮ ይነሣል፣ ሮቦቱም ይገለበጣል።

ትንሽ ሮቦት ይቀላል የሚል ካለ፣ ረጅም ዱላ በመዳፉ ላይ ያቁም፤ ቀጥሎ እስክርቢቶ ይሞክር። እስክርቢቶው ቶሎ ይወድቃል። የመውደቅ ጊዜው የሚገመተው የክብደት ማዕከሉን ከፍታ በሜትር ወስዶ፣ በመሬት ስበት መጠን በ9.8 አካፍሎ ካሬ ሥሩን በማውጣት ነው። ማዕከሉ 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ለሆነ ሮቦት 0.30 ሰከንድ ይመጣል፤ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ለሆነው 0.16 ብቻ። ትንሹ ርካሽ ነው፣ ሲወድቅም ብዙ አይሰበርም፤ ለማሰብ የሚሰጣችሁ ጊዜ ግን ግማሽ ነው።

ለእያንዳንዱ እግር 6 ሞተር ያስፈልጋል፦ ዳሌ ላይ 3፣ ጉልበት ላይ 1፣ ቁርጭምጭሚት ላይ 2። ሞተሩ ሰርቮ የሚባለው፣ በታዘዘበት ማዕዘን ላይ የሚቆመው ዓይነት ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው «ኤምጂ996አር» ሰርቮ 55 ግራም ይመዝናል፤ 12ቱ 660 ግራም መሆናቸው ነው። በ6 ቮልት 11 ኪሎ-ሴንቲ ሜትር ይላል ወረቀቱ፤ ክብደቱ በኪሎ፣ ከሞተሩ ያለው ርቀት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ማለት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ያ ቁጥር ሞተሩ ተጨንቆ ቆሞ የሚሰጠው ኃይል ነው፤ እዚያ ላይ ካቆያችሁት ይቃጠላል። ለሥራ ሲሶውን፣ 3.7 ገደማ ብቻ አስቡ። በአንድ እግር ሲቆም ከጉልበቱ በላይ ያለው ክብደት 1.3 ኪሎ ቢሆንና ጉልበቱ ከክብደቱ መስመር 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢወጣ፣ 6.5 ይጠይቃል። አይችልም። ጉልበቱን ቀና አድርጋችሁ ርቀቱን ወደ 2.5 ብታወርዱት 3.25 ይሆናል፤ ይችላል። ጨርሶ ቀጥ ማድረግም አያዋጣም፤ እግሩ ሲገተር የማዕዘኑ ስሌት ይበላሻል፣ ሞተሩም ይርገበገባል። ብዙ ሮቦቶች ሊቀመጡ እንደ ፈለጉ ሁሉ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው የሚሄዱት ለዚህ ነው።

ኤሌክትሪኩ ላይ የሚያጋጥመው ብልሽት አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ሰርቮ ሲጨነቅ 2.5 አምፔር ይወስዳል፤ 12ቱ ባንዴ ቢጨነቁ 30 ነው። ባለ 3 አምፔር የቮልቴጅ መቀነሻ ያስገባ ሰው፣ ሮቦቱ ክብደቱን ወደ አንድ እግር ሲያዞር ቮልቴጁ ይወርድበታል፣ መቆጣጠሪያው ጠፍቶ ይነሣል፣ እግሮቹ ይዝላሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ኮድ ሲፈትሽ የሚከርም አለ፤ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ቢያስቀምጥ በአንድ ደቂቃ ያየው ነበር። ለመቆጣጠሪያው የራሱን መስመር ስጡት፣ ኔጌቲቩን ግን ከሞተሮቹ ጋር አገናኙት። ሰርቮዎቹ መስመር ላይ 1,000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ። ባለ ሁለት ሴል ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 8.4 ቮልት ስለሚደርስ በቀጥታ አታገናኙት፤ ወደ 6 አውርዱት።

የኛ አገር ብርድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሞቀ ሞተር በዝግታ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ደግሞ በተገላቢጦሽ ባትሪው ደንዝዞ፣ የጥርሶቹ ቅባት ጠጥሮ ታገኙታላችሁ። ባትሪውን ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት፤ ማስተካከያውንም ሞተሮቹ ጥቂት ከተንቀሳቀሱ በኋላ ሥሩ።

ሙከራው ቅደም ተከተል አለው። ሰርቮውን ከመግጠማችሁ በፊት የትእዛዝ ምልክቱን ርዝመት 1,500 ማይክሮ ሰከንድ ላይ አምጡት፤ መሐሉ እሱ ነው። ሮቦቱን ከላይ በሲባጎ አንጠልጥሉት፤ ሲባጎው ላላ ይበል፣ ሲወድቅ ብቻ ይያዘው። በሁለት እግሩ ዐሥር ደቂቃ አቁማችሁ ሞተሮቹን በእጅ ዳስሱ። ቀጥሎ በአንድ እግር 30 ሰከንድ። ይህን ያላለፈ ሮቦት ወደ ፊት እንዲሄድ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል፣ መጀመሪያ በአንድ እግሩ መቆሙን ተረቱ ዘሎታል። ከዚያ እግር ሳያነሣ ግራና ቀኝ ይወዝወዝ፤ 1 ሴንቲ ሜትር ያንሣ፤ በመጨረሻ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት።

እግሩን ሲያነሣ ዳሌው ወደተነሣው እግር በኩል ዘንበል ብሎ ጣቱ ወለሉን ይጭራል። የሰርቮው ጥርሶች ክፍተት አላቸው፤ ዳሌ ላይ 1 ዲግሪ ቢላላ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው እግር ጫፍ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የቆመውን እግር የዳሌ ሰርቮ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ አስቀድማችሁ ወደ ላይ ደግፉት። በሴራሚክ ወለል ላይ ከተንሸራተተም ኮዱን አትንኩ፤ ከአሮጌ ብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጣችሁ መርገጫው ሥር ለጥፉ።

ለመንዝ ገደላገደል ጭነት የሚያመላልስ ማሽን የሚፈልግ ካለ፣ ባለ ሁለት እግሩን ይተወው፤ አህያ አራት እግር ያላት በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በካሊፎርኒያ በተካሄደው፣ የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ ባዘጋጀው የሮቦት ውድድር ያሸነፈው የኮሪያው ሮቦት እንኳ ሲያሻው ተንበርክኮ በጎማ ይሄድ ነበር፤ ቆመው የሄዱት ብዙዎቹ ሲወድቁ ታይተዋል። ሁለት እግር የሚያስፈልገው ደረጃ ለመውጣት፣ ለሰው በተሠራ ጠባብ ቤት ውስጥ ለመግባት ነው።

ጠረጴዛው ላይ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ አንድ እግር፣ ስድስት ሰርቮና ካቻቪቴ አስቀምጠናል። በአምስት በአምስት ሆናችሁ ኑ፤ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱን ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፣ ምን ያህል እንደሚላላ በማስመሪያ ለኩ።