ልጅቷን ከቡድኑ ከማስወጣት አንድ ኤፒ ቀንሱላት

እንደምን አመሻችሁ፣ እናቶች፣ አባቶች፣ እናንተም ልጆች። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ ስላላችሁ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እዚህ ሜሪላንድ ሃይ ስኩል ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ከትምህርት በኋላ ደግሞ ትራክ አሠለጥናለሁ። ስለዚህ ልጆቻችሁን ክፍል ውስጥም ሜዳ ላይም አያቸዋለሁ።

የሚቀጥለው ዓመት ኮርስ የሚመረጥበት ሰሞን ሲደርስ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የሚደውሉት የእኛው ሰዎች ናቸው። "ወንድሜ፣ ልጄ አምስት ኤፒ ልትወስድ ነው፣ እባክህ ሩጫውን ተዪው በላት፣ አንተን ትሰማለች።" (ኤፒ ማለት ሃይ ስኩል እያሉ የሚወሰድ፣ የኮሌጅ ደረጃ ያለው ከበድ ያለ ኮርስ ነው።) ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚሉኝም አሉ። ጭንቀቱ ይገባኛል። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት ያደረሰ አባት በኮሌጅ ነገር ቁማር መጫወት አይፈልግም። እኔ ግን የምመክራችሁ ሌላ ነው። ልጅቷን ከቡድኑ ከማስወጣት አንድ ኤፒ ቀንሱላት።

ኮሌጆች ከሁሉም በፊት ትምህርቱን እንደሚያዩ አያከራክርም። ነገር ግን የሚያዩት የኤፒውን ብዛት ብቻ አይደለም፤ ልጁ የራሱ ትምህርት ቤት ከሚሰጣቸው ኮርሶች ምን ያህል ከበድ ያለውን እንደመረጠና እዚያ ውስጥ ምን እንዳመጣ ነው፣ ይህንንም የትምህርት ቤቱ አማካሪ (ካውንስለሩ) ከውጤት መዝገቡ (ከትራንስክሪፕቱ) ጋር ሞልቶ ይልካል። አራት ወስዶ ኤ ያመጣ ልጅ፣ ስድስት ወስዶ ሲ ከደረደረው ጋር ሲቀርብ የትኛው እንደሚሻል ለእናንተ አልነግርም። ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ፣ ኮመን አፕ ላይ ደግሞ ከክፍል ውጪ የሚሠሩ ነገሮች፣ እስከ 10 ድረስ፣ የሚዘረዘሩበት ቦታ አለ። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት፣ ስንተኛ ክፍል እያለህ ብሎ ይጠይቃል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ የሮጠ ልጅ እዚያ ላይ የሚጽፈው ነገር አለው። 10ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠውስ? ልምምድ ትተው ያንን ሁለት ሰዓት ለደብተር የሰጡ ልጆች ያየሁት በጣም ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ስልኩ ይወስደዋል።

የተገላቢጦሹን የምትሉም አላችሁ፤ "ልጄ ኳስ ላይ ጎበዝ ነው፣ ስኮላርሺፕ ያገኛል፣ ትምህርቱ ይደርሳል።" እባካችሁ በዚህ አትተማመኑ። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ድርጅት ኤንሲኤኤ ራሱ እንደሚለው ከሃይ ስኩል ስፖርተኞች የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚያገኙት ከመቶ ሁለት ያህሉ ናቸው። ኮሌጆቹ በስፖርት ከሚመደቡባቸው ሦስት ደረጃዎች ዲቪዥን 3 ጭራሽ አይሰጥም። ሃርቫርድና ዬል ያሉበት አይቪ ሊግም አይሰጥም፣ እዚያ እርዳታው የቤተሰብ ገቢ ታይቶ ነው። ከፍተኛው ደረጃ፣ ዲቪዥን 1 ለመጫወት ደግሞ 16 ኮር ኮርሶች (እንደ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ያሉ መሠረታዊ ትምህርቶች) እና በእነሱ ቢያንስ 2.3 ጂፒኤ (ከ4 የሚታሰብ አማካይ ውጤት) ያስፈልጋል፣ ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው። በመጨረሻው ዓመት ነቅቼ አካክሳለሁ ማለት አይሠራም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ካላንደሩ። የኤፒ ፈተና ሜይ ላይ ነው፣ የትራክ ትልልቆቹ ውድድሮችም ሜይ ላይ ናቸው። አንድ ሜይ ከውድድር ስንመለስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር፣ አውቶቡሱ ውስጥ ብርሃን የለም፣ አንዷ ሯጭ ስፓይክ ጫማዋን እግሯ ሥር ጥላ በስልኳ መብራት የአሜሪካ ታሪክ ካርዶቿን ታገላብጣለች። ፈተናው በማግስቱ ጠዋት ነው። አንዱን ካርድ ሦስት ጊዜ አነበበችው፣ አልያዝ አላት። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፣ ደክሟት ነው። በዚያው ሳምንት ሦስት ፈተና ነበረባት። ኮርስ ስትመርጥ አጠገቧ ተቀምጦ "በሜይ የት ነው የምትሆኚው?" ያላት ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ልጆች፣ በጸደይ የምትሮጡ ከሆነ ኮርስ ስትመርጡ ፈተናዎቹ የሚውሉበትን ሳምንት አስቀድማችሁ እዩ። ፈተና ከውድድር ጋር በአንድ ቀን ከዋለ የኤፒ ፈተናን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ በኋላ የሚሰጥበት ሌላ ቀን አለው፣ የትምህርት ቤታችሁን የኤፒ ኮኦርዲኔተር በጊዜ ጠይቁ፣ እኔን ወይም ሌላ ኮች አትጠብቁ። በመከር ሶከር ወይም ክሮስ ካንትሪ የምትወዳደሩ ደግሞ የእናንተ ችግር ኖቬምበር 1 ነው፣ ብዙ ኮሌጆች ቀደም ያለ ማመልከቻ የሚቀበሉት እስከዚያ ስለሆነ። ድርሰቱን ከ12ኛ ክፍል በፊት ባለው ሰመር ጨርሱት። ከክፍል የምትቀሩበት ቀን ካለ መምህሩን ከመሄዳችሁ በፊት አናግሩት፤ ስመለስ እነግረዋለሁ የሚል ተማሪ መምህርን ያሰለቻል፣ እኔም መምህር ነኝና።

እንቅልፍ! በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋል። ወላጆች፣ ልጁ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ መብራት ሲያበራ "ጎበዝ፣ እያጠና ነው" አትበሉ። ገብታችሁ አስተኙት። በየሳምንቱ የሚደጋገም ከሆነ የበዛው ምን እንደሆነ ጠይቁት፣ ጠይቃችሁም መልሱን ሳትቆጡ ስሙት።

የኮርስ መምረጫ ወረቀት የያዛችሁ ልጆች ከወላጆቻችሁ ጋር ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ። የሜይን ካላንደር አትሜ አምጥቻለሁ፣ አብረን እንሞላዋለን።