ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ
አካም ጂርቱ! እንደምን ዋላችሁ!

በዚህ ዝናብ ከጅማ መርካቶም ከጅሬንም ተነስታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑ፣ ቦታ አለ።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት አሮጌ ስፖርት መኪና ከመግዛታችን በፊት እንዴት እንደምናየውና እንዴት ዋጋ እንደምናወጣለት ነው። እናንተ ወጣቶች ገንዘብ እያጠራቀማችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር። እኔ በዚህ ጉዳይ ተበልቻለሁ።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን አንድ የቡና ነጋዴ ካርማን ጊያ የምትባል መኪና ነበራቸው። ቀይ። ስታልፍ ኳሱን አቁመን እናያት ነበር። ለማታውቋት፣ ካርማን ጊያ ውስጧ ቮልስ ነው። ሻንሲዋም (የታችኛው መሸከሚያ አካሏም) ሞተሯም የቮልስ ነው። ልብሷን የነደፉላት ግን ጣሊያኖች ናቸው። ቅርጹን ያወጣው ቱሪን የነበረው ጊያ የሚባል ድርጅት ነው። ቦዲውን የሠራው ደግሞ ጀርመን፣ ኦስናብሩክ የነበረው ካርማን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 ከ440 ሺህ በላይ ተመርታለች። ፈጣን አይደለችም። ግን ስታይዋት ልብ ትወስዳለች።

ካደግኩ በኋላ አዲስ አበባ አንዷን አገኘሁ። ያየኋት ማታ ነው፣ በመብራት። ቀለሟ ያበራል። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ነው የጠበቀኝ። አንዴ ዞርኳት፣ ትንሽ ነዳኋት፣ ከፈልኩ። በቃ። ከዚያ በሰኔ ዝናብ ወደ ጅማ ይዣት መጣሁ። ወሊሶን፣ ወልቂጤን አለፍኩ። የጊቤን ቁልቁለት ስወርድ እግሬ ሥር ቅዝቃዜ ተሰማኝ። ሶኮሩ ስደርስ ካልሲዬ ርሷል። ዳር ይዤ ቆምኩና ምንጣፉን ገለጥኩ። ወለል የለም። ያለው በሪቬት የተያዘና ሬንጅ የተቀባ ስስ ላሜራ ነው። በጠርዙ በኩል አስፋልቱ ይታያል።

በዓመቱ ደግሞ ከፊት መብራቱ ሥር ቀለሙ ውሃ ቋጠረ። ባትላሜ፣ ማለትም የቦዲ ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት። መፋቂያውን ሲያሳርፍበት የወጣው ነጭ አቧራ ነው። ስቱኮ። የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልስን ነው። ሁለት ጣት የሚሞላ ስቱኮ። ከሥሩ የሽቦ ወንፊት ተጠቅልሎ ገብቷል። ላሜራው አልነበረም። ለጥገና ያወጣሁት ገንዘብ መኪናዋን ከገዛሁበት በለጠ።

እስቲ አስቡት። እኛ እኮ የቡና አገር ሰዎች ነን። ከላይ የተበተነውን ፍሬ ብቻ አይቶ ጆንያ ቡና የሚገዛ ጅማ ውስጥ አለ? ከሆዱ ወግቶ ናሙና ያወጣል፣ ያሸታል፣ ይቆላል፣ ይቀምሳል። መኪና ላይ ስንደርስ ግን ቀለም ያፈዘናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦዲውን እዩ። ሰው ሁሉ ኮፈን ከፍቶ ሞተር ያዳምጣል። የቮልስ ሞተር ግን ይገኛል፣ ይወርዳል፣ ይሠራል። የሚያውቁት መካኒኮችም ሞልተዋል። የካርማን ጊያ መኪና አፍንጫ ግን ከየት ይመጣል? የቮልስ ፓራፋንጎ፣ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ፣ ቡሎኑ ተፈቶ ይቀየራል። የጊያ አይፈታም። ከብዙ ቁራጭ ተበይዶ፣ ስፌቱ በእርሳስ ቅይጥ ተሞልቶ፣ በእጅ የተለሰለሰ ነው። አንዴ ከተገጨ የሚመልሰው የሰው እጅ ብቻ ነው፣ ያውም ጎበዝ እጅ።

አንድ ትንሽ ማግኔት በመሐረብ ጠቅልላችሁ ያዙ። ቀለም እንዳይጭር ነው መሐረቡ። በመብራቶቹ ዙሪያ፣ በፓራፋንጎው የታችኛው ጠርዝ፣ ከበሩ ሥር ባለው ደፍ ላይ ቀስ ብላችሁ አስኪዱት። ላሜራ ሲያገኝ እጃችሁን ይስባል። ስቱኮ ሲያገኝ ይለቃል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ፋብሪካው ስፌት የሞላበት እርሳስም ማግኔት አይስብም። በቀጭን መስመር ላይ ብቻ ከለቀቀ አትደንግጡ። የመዳፍ ያህል ቦታ ላይ ከለቀቀ ግን ጠይቁ። ከዚያ የፊቱን ኮፈን ከፍታችሁ ያንኑ ቦታ ከውስጥ በእጅ ባትሪ መብራት እዩት። ከውጭ ለስልሶ ከውስጥ የመዶሻ ምልክት ካለው መኪናው ተገጭቷል። ምንጣፉንም ግለጡ። ሻጩ ካልፈቀደ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ሌሎቹም መኪኖች የየራሳቸው ደካማ ጎን አላቸው። ፊያት 124 ስፓይደር እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ የታየች የፒኒንፋሪና ሥራ ናት። እሷን ስታዩ የፊት አሞርዛተሩ (ንዝረት የሚያበርደው ዕቃ) ከላይ የሚታሰርበትን ቦታ እዩ። እዚያ ከዛገ የዛገው መኪናውን የሚሸከመው ብረት ነው። የሞተሯ ቺንጋ፣ ባልቦላዎቹን በጊዜያቸው የሚያስከፍተው ቀበቶ፣ ደግሞ ጎማ ነው። መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት፣ ከተበጠሰ ባልቦላ፣ የሲሊንደሩን አየር ማስገቢያና ጭስ ማስወጫ መክፈቻ፣ ሊያጣምም ይችላል። ዳትሰን 240ዜድ ላይ የመኪናው ባትሪ የሚቀመጥበት ሥር አሲድ የበላው ይኖራል። ፖርሽ 911 እ.ኤ.አ. ከ1976 ሞዴል ጀምሮ በዚንክ በተሸፈነ ላሜራ ስለተሠራ ይሻላል። ከዚያ በፊት ያሉት ዝገት ይወዳሉ።

አሁን ሞተር። ጠዋት ሂዱ። ማንም እንዳያስነሳው ቀድማችሁ ንገሩ። ስትደርሱ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ። ከሞቀ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ፣ ወይም ሌላ ቀን ኑ። ቀዝቃዛ ሞተር በሽታውን አይደብቅም። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ከወጣ ዘይት እየበላ ነው።

የቮልስ ሞተር ላይ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ሞተሩን አጥፉ። ከኋላ ያለውን ትልቁን ፑሌጃ፣ ቀበቶ የሚዞርበትን ክብ ብረት፣ በሁለት እጅ ያዙና ወደ ራሳችሁ ሳቡት፣ መልሳችሁ ግፉት። ጥሩ ሞተር ላይ እንቅስቃሴው ለእጅ አይታወቅም ማለት ይቻላል። ልኩ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል። 0.15 ላይ ገደቡ አበቃ። ጆሯችሁን አስጠግታችሁ "ጠቅ፣ ጠቅ" ሲል ከሰማችሁ ሞተሩ መውረድ አለበት። ይህ ምርመራ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ ያን ማታ ባደርገው ኖሮ ዋጋው ላይ ሌላ ንግግር ይኖረን ነበር።

ኮምፕረሽን፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ ስታስለኩ ደግሞ የት እንዳላችሁ አስታውሱ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ግፊቱ የባሕር ዳር አገሩን አራት አምስተኛ ያህል ነው። የመኪናው መጽሐፍ 120 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) የሚል ከሆነ እዚህ 100 አካባቢ ቢነበብ ሞተሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ብዙ ደህና ሞተር በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቱ ሲሰደብ ሰምቻለሁ። ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አወዳድሩ። ሦስቱ 100 ሆነው አንዱ 70 ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። ቮልስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር 3 ነው የሚሆነው። በቀደሙት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው እላዩ ላይ ተቀምጦ ንፋሱን ስለሚከለክለው ባልቦላው ይቃጠላል።

ፍሬን፣ መሪና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) በመንዳት ይታወቃሉ። ቁልቁለት ምረጡ። እግራችሁን ከቤንዚን ላይ ስታነሱ ማርሹ ዘሎ ከወጣ ካምቢዮው ሥራ አለበት።

ሊብሬውን፣ የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር፣ አደራ። ጊያ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሀሉ ላይ ባለው ከፍታ ተመትቷል። ወንበሩን አንስታችሁ በባትሪ አንብቡ፣ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። የሞተሩንም እንዲሁ። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ ስም ማዛወር ላይ ትንከራተታላችሁ። እዳና እገዳ መኖሩንም ሳትጠይቁ ቀብድ አትስጡ።

ዋጋው እንዴት ይወጣል? እኔ እስከማውቀው ለእነዚህ መኪኖች የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር አገራችን ውስጥ የለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ደላላው "ከእንግዲህ አትገኝም" ይላል። እውነት አለው። ግን ብርቅ መሆን የዛገ ወለል አይበይድም።

እኔ የማሰላው እንዲህ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። ምንም የማይጎድላት መኪና ለእኔ 1 ሚሊዮን ብር ታወጣለች እንበል። የማያት ግን ወለልና ደፍ 180 ሺህ፣ ቀለም 120 ሺህ፣ የውስጥ ዕቃ 70 ሺህ፣ ፍሬን 60 ሺህ ትፈልጋለች። ድምሩ 430 ሺህ። ይህን ከራሴ አልፈጥረውም። ባትላሜውን ይዤው ሄጄ እሱ ነው የሚነግረኝ። የቀን አበሉን ከፍላችሁ ውሰዱት፣ የገንዘባችሁ ምርጥ አጠቃቀም ነው። ከዚያ ላልታየኝ ነገር የጥገናውን ሩብ ያህል፣ 110 ሺህ እጨምራለሁ። አሮጌ መኪና ሲፈታ ሁልጊዜ ሌላ ነገር ይወጣል። 1 ሚሊዮን ሲቀነስ 540 ሺህ፣ 460 ሺህ። የእኔ የመጨረሻ ዋጋ ይህ ነው። ከመሄዴ በፊት ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። መኪናዋ ፊት ስቆም ልቤ እንደሚከዳኝ ስለማውቅ ነው።

ሻጩን ግን አታዋርዱ። ብዙዎቹ ከአባታቸው የወረሱትን መኪና ነው የሚሸጡት። ጉድለቱን በክብር አሳዩ፣ ስሌቱን አሳዩ። ካልተስማማ እጁን ጨብጣችሁ ሂዱ። ከወር በኋላ ደውለው "ና ውሰዳት" ያሉኝ አሉ።

ያቺ ከአዲስ አበባ ያመጣኋት ጊያ አሁንም እኔ ጋ ናት። ወለሏ አዲስ ነው፣ አፍንጫዋ ሦስት ወር የፈጀ የእጅ ሥራ ነው። ዛሬ በር ላይ አቁሜያታለሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሞተሯ አልተነሳም። ማግኔቱና የእጅ ባትሪው እዚህ ኪሴ ውስጥ አሉ። ዝናቡም ያባራ መሰለኝ። ተነሱ፣ ከግራ ፓራፋንጎ እንጀምር።