ለመገለል ቀን አልተቆረጠለትም

የተከበራችሁ የሦስተኛው ፎቅ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጓንት እየቀየራችሁ የጠበቃችሁን ነርሶች፣ እንኳን በደኅና ተገናኘን።

አዘጋጆቹ በለይቶ ማቆያ ውስጥ ምን እንደተማርኩ እንድናገር ጠይቀውኛል። ብዙዎቻችሁ በእነዚያ ቀናት ጸሎታችሁን እንዳጠነከራችሁ፣ ከተኳረፋችሁት ሰው ጋር በስልክ እንደታረቃችሁ ሰምቻለሁ። እኔም ሲጋራ ያቆምኩት እዚያ ነው። ዛሬ የቆምኩት ግን ከግድግዳዬ ማዶ ስለነበሩት ሰው ለመናገር ነው። ሁላችንም አባባ እንላቸው ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ካስታወቀ በኋላ የገባንበትን ሳምንት ታስታውሳላችሁ። ለ14 ቀን ተባልን። ምግባችን በየበራችን ፊት ባለ ቢጫ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጥና የአምጪው ኮቴ ሲርቅ በሩን እንከፍታለን።

አባባ በየማለዳው ግድግዳዬን ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ። እስክመልስላቸውም አይተዉም። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ትራስ በጆሮዬ ላይ ጭኜ መተኛት ጀመርኩ። በአራተኛው ሌሊት ሳል ጀመራቸው፤ አጭርና ደረቅ ሳል። እየቆጠርኩ አደርኩና ሳይነጋ ለጥበቃው ደውዬ «እኚህን ሰውዬ አንሡልኝ» አልኩ። «ታመዋል፣ ድረሱላቸው» አላልኩም። አንሡልኝ ነው ያልኩት፤ መንገድ እንደዘጋ ዕቃ።

በስድስተኛው ሌሊት ወሰዷቸው። የአልጋው ጎማ ሲንኳኳ፣ የመድኃኒት መርጫው ሲንሿሿ ሰማሁ። ሲነጋ ግድግዳው ዝም አለ። መጀመሪያ የመጣልኝ እፎይታ ነው። ቀጥሎ ለራሴ ፈራሁ። «ለልጆቻቸው ማን ደወለላቸው?» የሚለው ሐሳብ የመጣው ሦስተኛ ሆኖ ነው። ሩኅሩኅ ነኝ ብዬ ስኖር፣ ርኅራኄዬ ከሁሉ ኋላ እንደሚሰለፍ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ምልክት ያልታየበት ሰውም በሽታውን እንደሚያስተላልፍ ሐኪሞቹ ነግረውናል፤ ከአባባ ጋር ደግሞ በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ወንበር ነው የመጣነው። የሰጠኋቸው እኔ ብሆንስ?

በቀሩት ስምንት ቀናት የወዲያኛውን ግድግዳ እኔ አንኳኳሁ። ሁለት ቀን መልስ የለም። በሦስተኛው ቀን ሁለት ጊዜ ተመለሰልኝ። ያንኳኳችው እኅቴ አሁን ከፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

አባባ ድነው፣ ነጻ መሆናቸውን የሚገልጽ ወረቀት ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ወረቀቱን ግን ያነበበላቸው የለም። ሰላምታ ሲሰጡ የሚመልስ ጠፋ፤ ሲመጡ ያየ መንገድ ይሻገራል። በአድሪያቲክ ባሕር ዳር የነበረችው የራጉሳ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1377 ወረርሽኝ ካለበት ስፍራ የሚመጣን ሰው 30 ቀን ታቆይ ነበር። በኋላ ቀኑ 40 ሆነና ኳራንቲን የሚለው ቃል ከጣሊያንኛው «አርባ» ወጣ። ለእኛ 14 ሆነ። ለበሽታው ሁልጊዜ ቀን ይቆረጥለታል። ለመገለል ግን ቀን የቆረጠለት ማን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት የድንገተኛ ጊዜ ስጋቱ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታወቀ። በአባባ ሰፈር ግን ዛሬም «ያ ኮሮና የያዘው ሰውዬ» ይባላሉ!

ሰፈሩን ብቻ አልወቅስም። እኛስ? ስንለያይ በዚያ በር ላይ እያለቀስን «አንረሳሳም» ተባብለን አልነበረም? የአባባን ስልክ የያዘ እጁን ያውጣ። አያችሁ? እኔም ያገኘሁት ባለፈው ወር ነው። ከጎናችን ወዳለው የታመመ ሰው ካላሻገረን፣ ተለወጥኩ የምንለው ለውጥ ለማን ነው? ይህን ስናገር እቆጣለሁ፤ መቆጣትም ይገባኛል።

ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ ቤት ውስጥ ሥራም እንድናገር ተጠይቄ ነበር። ከእኔ በኋላ የሚናገሩት ስላሉ ለእነሱ ልተወው።

አባባ ጉልበታቸው ስለማይፈቅድ አልመጡም። ትናንት ደውዬ እንደምንመጣ ነግሬአቸዋለሁ። አውቶቡሱ ውጭ ቆሟል። ክፍላቸው ጠባብ ነውና አምስት አምስት ሆነን እንገባለን፤ የምንጠብቀው በረንዳው ላይ እንቀመጣለን። በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኩታችሁ እስኪመልሱ ጠብቁ።