ከሰሉ ከጋቢናው ሲወጣ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ ብርድ ላወራችሁ ነው።

የወሎን ደጋ በጥር የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ የምሠራው በጉጉፍቱ በኩል ነው። ለበልግ ገብስ መሬት የሚታረስበት ጊዜ ነው፣ ሣሩ ውርጭ መትቶት ነጭ ሆኖ ያድራል። ትራክተሬ ትንሽ ናት። ጋቢናዋን በላሜራና በመስታወት ያሠራኋት እኔ ነኝ። ላሜራው ሌሊቱን ብርድ ጠጥቶ ያድርና ጠዋት ጣቴ ቁልፉን አልጨብጥ ይለኛል።

አምና ከእናቴ ቤት ትንሽ የከሰል ምድጃ አመጣሁ። ውጭ አቀጣጠልኩት። ጭሱ ሲያልቅ፣ ፍሙ ሲቀላ፣ ወደ ጋቢና አስገባሁት። ጭሱ ካለቀ ምንም አይል እንላለን አይደል? የሚገድለን ይሄ ነው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ኦክስጅን ከሚሸከመው የደም ክፍል፣ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ኦክስጅንን ከ200 እጥፍ በላይ በልጦ ነው።

ረዳቴ ጋቢውን ተከናንቦ አጠገቤ ነበር። «ጋሼ፣ ራሴን አመመኝ» አለኝ። ብርዱ ነው ብዬ ዝም አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን መግለጥ አቃተው። የእኔም ጆሮ ግንድ ይመታል። በሩን በረገድኩና ልጁን ጎትቼ አወረድኩት። መሬት ላይ ተቀምጦ አስመለሰው። እናቱ አደራ ብላ የሰጠችኝ ልጅ ነው። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ከዚያ ኮምቦልቻ ወርጄ ከፈረሰች ዶልፊን የወጣ ማሞቂያ ገዛሁ። ባለ 12 ቮልት ፋን ያለው ትንሽ ራዲያተር በሉት። ሞተሩ የሚያሞቀውን ውሃ በጎማ ቱቦ ወደ ጋቢና አምጥቶ መመለስ ነው ሥራው። አንዱን ጎማ ከሞተሩ ራስ፣ ሌላውን ከውሃ ፓምፑ መሳቢያ በኩል አሰርኩ። ፋኑን በፊውዝ አድርጌ ከባትሪው ቀጠልኩ።

አስነሳሁት፤ ለብ እንኳ አላለም። አየር ይዞ ነበር። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከፍ ያለውን ጎማ አላልቼ አየሩን አስወጣሁ። አሁንም ለብ ብቻ። አንድ የቆዩ መካኒክ በእጃቸው ዳሰሱና «ቴርሞስታቱን ማን ነቀለው?» አሉኝ። ውሃው እስኪሞቅ ወደ ትልቁ ራዲያተር የሚሄደውን መንገድ ዘግቶ የሚይዘው ክፍል ነው። እኔ ሳልገዛት በፊት ነቅለውታል። ሞተር እንዳይሞቅ ተብሎ ስንቱ ይነቀላል! ያለ እሱ ግን ውሃው ሳይሞቅ ወደ ትልቁ ራዲያተር ይሸሻል። አዲስ አስገባን፤ 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው የሚከፍተው።

የጭስ ማውጫውን ቱቦ በጋቢና ውስጥ አሳልፈው ያሉኝም ነበሩ። እምቢ አልኩ። ቱቦው ከተሰነጠቀ ያው ጋዝ ነው።

ዘንድሮ መስታወቱ ላይ ያለው ውርጭ ከታች ጀምሮ ይቀልጣል። ልጁ ጋቢውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ምድጃውን ለእናቴ መለስኩላት። ቡና ታፈላበታለች፣ በሩን ከፍታ።