በድካሟ የምትታወቅ ተዋናይት፦ ስለ ቴልማ ሪተር

ክቡራትና ክቡራን፣ በተለይ ትወናን ሥራዬ ብላችሁ የያዛችሁ ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ስለ አንዲት ተዋናይት ጥቂት ልበላችሁ። ቴልማ ሪተር ትባላለች። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እኔ ራሴ ዕድሜዬን የጎረቤት፣ የነርስ፣ የአክስት ሚና ስጫወት የኖርኩ ሰው ነኝ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ አዘጋጅ “አንቺ ዝም ብለሽ በሩን ክፈቺ፤ ማንም አንቺን አያይም” ብሎኝ ነበር። ያን ምሽት አልቅሻለሁ። ሪተርን ያወቅኳት ከዚያ በኋላ ነው፤ በር መክፈት ምን ማለት እንደሆነ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

በ1902 ብሩክሊን ተወለደች። ትወና ተምራ መድረክ ላይ ከሠራች በኋላ ሁለት ልጆቿን ለማሳደግ ከሙያው ራቀች፤ የተመለሰችው በሬዲዮ ነው። ፊልም ላይ የታየችው በ1947 “ሚራክል ኦን ሰርቲ ፎርዝ ስትሪት” በተባለው ሥራ ሲሆን ያኔ 45 ዓመቷ ነበር። ለልጇ መጫወቻ ፍለጋ ስትዞር እግሯ የዛለ እናት ሆና ትገባለች። ስሟ ከተዋንያኑ ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልተጻፈም። ግን እዩዋት፦ ገና አፏን ሳትከፍት ቀኑን ሙሉ የት የት ስትንከራተት እንደዋለች ትከሻዋ ይናገራል። ጥበቧ እዚህ ላይ ነው። ሰዎቿ ከካሜራው ፊት ሲደርሱ ሕይወታቸው ከጀመረ ቆይቷል።

በ1950 “ኦል አባውት ኢቭ” ላይ ቤቲ ዴቪስ የምትጫወታትን ዝነኛ የመድረክ ተዋናይት የምታለብሰው በርዲ ሆነች። ሌላው ሁሉ አድናቂ ሆና ተዋናይቷን በተጠጋችው በወጣቷ ኢቭ ትሕትና ሲማረክ ቀድማ የምትጠረጥረው በርዲ ናት። ፊልሙ መሐል ላይ ግን ጭራሽ ትጠፋለች። ባየሁት ቁጥር ትናፍቀኛለች።

በዚያ ሚና ለኦስካር ታጨች። ከ1950 እስከ 1953 በሠራቻቸው ፊልሞች አራት ዓመት በተከታታይ፣ ኋላም በ1959 እና በ1962 ሥራዎቿ፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ በረዳት ተዋናይትነት ታጭታ አንድም ጊዜ አላሸነፈችም።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ኦስካሩ አይደለም፤ የ1955ቱ ነው። ያን ዓመት ፓዲ ቻየፍስኪ የጻፈው “ዘ ኬተርድ አፌር” የተባለ ድራማ በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የታክሲ ሹፌር ሚስት ናት፤ አቅማቸው ሳይፈቅድ ልጇን በትልቅ ድግስ ልትድር ትፈልጋለች። በዚያ ዘመን የቀጥታ ድራማ ቃል ቢጠፋሽ መልሶ መቅረጽ የለም፤ ቲያትር ነው፣ ያውም ካሜራ አፍንጫሽ ሥር ተደቅኖ። ሪተር እናቲቱን ሆና ሠራችው፤ ለኤሚ፣ ለቴሌቪዥን ሽልማቱም ታጨችበት። በማግስቱ ዓመት ታሪኩ ወደ ፊልም ሲሄድ ሚናው ለቤቲ ዴቪስ ተሰጠ። በርዲ ሆና ላለበሰቻት ሴት! ዴቪስን አልወቅስም፣ ትልቅ ተዋናይት ናት። ግን ትኬት የሚሸጠው ስም ነው ተብሎ ለረዳት ተዋናይት የተቆረጠ ልክ ይህ ነበር፦ የራሷ የሆነች እናት ለአንድ ምሽት ታየች፣ ከዚያ በሌላ ተዋናይት መልክ ታወቀች። ዛሬም በየቀረጻው ቦታ ይህ ይደረጋል፤ እኔም ዛሬም አልቀበለውም።

በ1958 በብሮድዌይ፣ በኒው ዮርክ የቲያትር መድረክ፣ በሠራችው የሙዚቃ ድራማ በመሪ ተዋናይትነት ቶኒ የተባለውን የቲያትር ሽልማት አገኘች፤ አብራት ከተወነችው ከግዌን ቨርደን ጋር እኩል ወጥተው።

አሁን የምናየው በ1953 ሳሙኤል ፉለር ያዘጋጀውን “ፒክአፕ ኦን ሳውዝ ስትሪት” ነው። ሪተር ሞ ናት፤ ከረባት እያዞረች ትሸጣለች፣ ለፖሊስም መረጃ ትሸጣለች። የምታጠራቅመው ለመቃብሯ ነው፤ ስም ከሌላቸው ድሆች ጋር መቀበር ትፈራለች። አንድ ምሽት ደክሟት ወደ ክፍሏ ትገባለች፤ ሸክላ ታጫውታለች፤ ጋደም ትላለች። ሰው ቆሞ ይጠብቃታል። የአንድን ሌባ አድራሻ እንድትሸጥለት ይፈልጋል። ሁሉን ስትሸጥ የኖረችው ሴት ይህን አልሸጥም ትላለች።

እዚያ ስትደርሱ ድምጿን ስሙት። አትጮኽም፣ አትለምንም። የዚያች የ1947ቷ እናት ድካም ነው፤ አሁን ግን እስከ አጥንቷ ዘልቋል። ካሜራው ከፊቷ ዞር ሲልም ሸክላውን አትልቀቁ።

መብራቱን አጥፉልን።