«አመሻሹ ላይ ቀላሉን ሂሳብ የምሳሳተው ለምንድን ነው?» የአድማጮች ጥያቄና የሐኪሙ መልስ

ከአዳማ የደወሉ አድማጭ፦ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ ላይ በጀት ስንዘጋ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ላይ ተደፍቼ እውላለሁ። ጠዋት በአፍታ የምጨርሰውን አመሻሹ ላይ እሳሳታለሁ። አለቃዬ ስንፍና ነው ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ስንፍና አይደለም፤ ይህን በደንብ ይያዙልኝ። ቁጥሩን ይዞ የሚያቆየው፣ ከሌላው ጋር የሚያመሳክረውና «ቆይ፣ ይሄ ልክ አይደለም» የሚለው በዋናነት ከግንባርዎ ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። ኤምአርአይ ውስጥ ለተኛ ሰው ፊደላት በተራ እየታዩት፣ አሁን ያየው ከሁለት ፊደል በፊት ካየው ጋር አንድ መሆኑን እንዲለይ ይጠየቃል። ሁለቱ ወደ ሦስት ከፍ ሲል ወደዚያ ክፍል የሚሄደው ደም ይጨምራል። ክፍሉ በሸክሙ ልክ ይሠራል ማለት ነው።

ቀኑን ሙሉ ሲሸከምስ? በፈረንጆቹ 2022 የፓሪስ ተመራማሪዎች ሰዎችን ከ6 ሰዓት በላይ አሠርተው ነበር። ከባዱ ሥራ በደረሳቸው ላይ ግሉታሜት የተባለው ኬሚካል በዚያው ክፍል ተጠራቅሞ ተገኘ። ምርጫ ሲቀርብላቸውም ብዙ ከማያደክመውና ቶሎ ከሚገኘው ጥቅም ጋር ይሄዱ ነበር። ድካሙን ያመጣው ኬሚካሉ ራሱ ነው ለማለት ገና ነው። እርስዎ ግን ማመሳከሩን ለጠዋት ያድርጉት፤ ማታ የሠሩትንም ሳያድሩበት አይፈርሙ።

በጽሑፍ የደረሰን፦ ሲደክመኝ ስኳር ብወስድ አንጎሌ ይነቃል?

መልስ፦ አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ከጉልበታችን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ይህ ግን ዕረፍት ላይም ቢሆን ነው። አጥብቆ ማሰብ የሚጨምርበት ጥቂት ነው። ምግብ ካልዘለሉ ስኳሩ አያስፈልግም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከባሕር ዳር፦ ጓደኛዬ ከባዱን ጥያቄ ዘና ብላ ትሠራለች፤ እኔ ላብ በላብ እሆናለሁ። አንጎሌ ደካማ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም የኔ ልጅ። በፈረንጆቹ 1992 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቴትሪስ የተባለውን ጨዋታ ለሳምንታት የተለማመዱ ሰዎች ውጤታቸው ሲያድግ አንጎላቸው የሚያቃጥለው ስኳር ቀንሶ ታይቷል። ጓደኛሽ ቀድማ ለምዳው ይሆናል። ሰው በአንድ ጊዜ በሐሳቡ ይዞ የሚቆየው አራት ያህል ነገር ነው፤ ማባዛቱ ቦታውን ከያዘብሽ ለቀመሩ ቦታ አይተርፍም። የማባዛት ሰንጠረዡን እንደ ስምሽ እወቂው፤ የመሃሉን ውጤት ደግሞ በቃልሽ ከመያዝ ወረቀት ላይ አስቀምጪው።